ማንም አልሞተም፣ ለቀረጻ ነው

ዋለልኝ ለእንግዳ ሰው "የፊልም ባለሙያ ነኝ" ባለ ቁጥር ሚስቱ ቆንጂት ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ቤታቸው ኦስሎ ዳር፣ ፉሩሴት የሚባል ሰፈር፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ከመስኮቱ ብዙ ነገር ይታያል፤ የባቡር ጣቢያው አለ፣ የገበያ ማዕከሉ ጣሪያ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ጫካው አለ። ቆንጂት በሃያ ዓመት ትዳሯ ያን ጫካ ከደን ጠባቂዎቹ ይበልጥ አጥንታዋለች።

እንግዳው ሐበሻ ከሆነ እሱም አብሯት ወደ መስኮቱ ይዞራል። ኦስሎ ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ ዋለልኝን ያውቀዋል፤ ቢያንስ አንድ ሠርግ ወይም አንድ ክርስትና አበላሽቶበታል።

እንጀራው የሚገኘው ከጽዳት ነው። ቢየርቪካ በሚሉት ሰፈር፣ ከኦፔራ ቤቱ አጠገብ ከተገተሩት ባለመስታወት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ፣ የቢሮ ሰዎች ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እሱ ይገባል። በሱዳን በኩል ተሰዶ የመጣ ወጣት ሆኖ የጀመረውን ሥራ ጸጉሩ እስኪሸብት አልለወጠም፤ ሥራውንም ንጹሕ አድርጎ ይሠራል፤ በዚህ የሚያማው የለም። ካሜራ መያዝ ግን ማንም አላስተማረውም። አንድ ያገለገለ ካሜራ ገዝቶ፣ መመሪያውን መዝገበ ቃላት አጠገቡ አድርጎ አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጦ አነበበው። እዚህ ድረስ እንከን አይወጣለትም፤ እግዚአብሔር የሚወደው ዓይነት ትጋት ነው። ጉዱ የመጣው የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ ስለ ማሳመሪያ ነበር።

ከዚያ በኋላ በዋለልኝ ካሜራ ፊት ተድሮ ቀይ ልብ ያልዘነበበት ሙሽራ የለም። ሙሽራይቱ ቀለበት ስታጠልቅ ከበስተኋላዋ ፏፏቴ ይወርዳል። አንድ ክርስትና ላይ ቄሱ ሕፃኑን ሜሮን ሲቀቡ፣ ነጭ እርግብ ከግራ ወደ ቀኝ ስትበር መጥታ ልክ በቄሱ ፊት ላይ አረፈች፤ እስከ መጨረሻውም አልተነሣችም። የልጁ አባት "ጋሽ ዋለልኝ፣ ቄሱ የት አሉ?" ብሎ ሲጠይቀው "መንፈስ ቅዱስን እንዴት አስነሣለሁ?" አለ። ቄሱ ይህን ሰምተው ሁለት ወር ሙሉ ሲያገኙት መስቀል ያሳልሙታል እንጂ አያናግሩትም ነበር።

በዚሁ ቢቀጥል ጉዳቱ በሠርግና በክርስትና ይወሰን ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መጽሔት ሲያገላብጥ፣ አፍሪካዊ የፊልም ሰው ጥንታዊውን የተረት አነጋገር ከዘመናዊው ካሜራ ጋር ማዋሐድ አለበት የሚል ጽሑፍ አገኘ። ያን ቀን ዋለልኝ ከባቡር የወረደው ሌላ ሰው ሆኖ ነው። "ቆንጂት፣" አለ ጫማውን ሳያወልቅ፣ "እኔ ለካ ስፈልገው የኖርኩት ማዋሐድ ነው!"

"መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ፣" አለች ቆንጂት።

አዋሐደ። የመጀመሪያ ፊልሙ ከተማ የገባ ጅብ ታሪክ ነበር። ጅቡን የሆነው የሥራ ባልደረባው ተረፈ ሲሆን ቆዳውም ከቡናማ የመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ የተሰፋ ነው። ጅቡ በባቡር ሲሄድ ተቆጣጣሪ መጥቶ ትኬት ጠየቀው፤ ተረፈ ትኬቱን የያዘው ግን ምንጣፉ ሥር፣ ሱሪ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሰው ፊት ምንጣፉን ማውለቅ ነውር ሆኖበት ተቀጣ። ዋለልኝ ይህንንም ከነተቆጣጣሪው ቀረጸው። ፊልሙ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሲታይ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እንባውን የጠረገም ነበር። ዋለልኝ ከኋላ ቆሞ ያያቸው ነበር። እሱ የሠራው አሳዛኝ ፊልም ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፈጣሪ የሚለምነው አንድ ነገር ሆነ፤ ሰው ሳይስቅ የሚያየው አንድ ፊልም ሠርቶ መሞት። አንድ ብቻ። ሌላው ሌላው ይቅር።

በ2014 መግቢያ ላይ ጸሎቱ የተሰማ መሰለው። ለፊልም ድጋፍ የሚሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት ያስገባውን ሐሳብ አይቶ አማካሪ መደበለት። አማካሪው ኖኤል የሚባል፣ ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ፣ እዚያው ኦስሎ የተወለደ የሃያ ስምንት ዓመት ጎልማሳ ነው። ኢትዮጵያን ሁለት ጊዜ አይቷታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ለሁለት ሁለት ሳምንት፣ አንዱንም ሳምንት በሆድ ሕመም። ግሩነርሎካ ሰፈር፣ ወንበሮቹ ሆን ተብሎ የተለያዩ በሚመስሉበት ካፌ ተገናኙ።

"ዋለልኝ፣ ሐሳቡን በጣም ወደድኩት፣" አለ ኖኤል። በአባቱ ዕድሜ ያለውን ሰው ጋሼ ማለትን ማንም አላስተማረውም። "አንዲት ሴት ባርነሃገ ውስጥ ለሕፃናት ተረት ታወራለች፤ ከተማው ደግሞ በተረቱ ውስጥ ያልፋል። ሱፐር! ግን አፍሪካው የት አለ?"

"እኔ ነኛ!" አለ ዋለልኝ።

"ናይ፣ ናይ። እንደዚያ ማለቴ አይደለም። ለምሳሌ እሳት። ሰዎች እሳት ዙሪያ ተቀምጠው..."

"ፉሩሴት ላይ እሳት ብናነድድ የሚመጣው የእሳት አደጋ መኪና ነው።"

ኖኤል አልሳቀም። የጥበብ ሰው ስለሆነ በቀላሉ አይስቅም። "እሺ፣ እሳቱ ይቅር። ግን ኤክተ ይሁን። እውነተኛ። ሴትዮዋ እንዳትዘጋጅ። እናንተ ካሜራ ስታዩ የሠርግ ልብስ ትለብሳላችሁ። ሳታውቅ ያዛት። ደግሞ ሠራተኞችህ ሁሉ ጥቁር ይልበሱ፤ መስታወት ላይ እንዳይንጸባረቁ ባለሙያ ሁሉ ጥቁር ነው የሚለብሰው።"

ዋለልኝ ይህን ሁሉ በማስታወሻው ጻፈ። "ጥቁር" የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ሴትዮዋ ጸዳለ ናት። አርባ ዓመት አልፏታል፤ ባርነሃገ በሚሉት የሕፃናት መዋያ ውስጥ ትሠራለች፤ ተረት ስታወራ የኖርዌይ ሕፃናት አፋቸውን ከፍተው ንፍጣቸውን ይረሳሉ። የቤተሰቧ ነገር በአንድ ሰው ያልቃል፤ ደብረ ታቦር ያሉት እናቷ እማማ አባይነሽ ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትደውልላቸዋለች። በመሐል ስልክ ከመጣ ከማንሣቷ በፊት ሦስት ጊዜ ታማትባለች። ይህን ፉሩሴት ያለ ሐበሻ በሙሉ ያውቃል፤ ዋለልኝም ያውቃል።

አዲሱ ፊልም "ጅቡና ባቡሩ" ይባላል፤ የሚጀምረውም ጸዳለ በማለዳ በሯን ከፍታ ስትወጣ ነው። የቀጠሮው ቀን የግንቦት እሑድ ነበር። ዋለልኝ ግን የአየር ትንበያውን ሲያይ እሑድ ዝናብ ነው፤ ቅዳሜ ፀሐይ። ቀኑን ወደ ቅዳሜ፣ ሰዓቱን ወደ ማለዳ ዐሥራ ሁለት ሰዓት አዛወረ። ለሠራተኞቹ በሙሉ ነገረ። ለጸዳለ ብቻ አልነገራትም።

ሠራተኞቹ አምስት ናቸው። ድምፅ የሚይዘው ጅቡ ተረፈ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ዕቃ ይሸከማሉ። ቆንጂት የመጣችው "እዚያ ደግሞ የምታደርገውን ልየው" ብላ ነው። ብርሃን የሚመልሰውን ነጭ ሰሌዳ የሚይዙት አቶ ሐብታሙ ናቸው፤ ቁመታቸው ለሰሌዳ ተስማሚ ነው።

አቶ ሐብታሙ ጡረታ የወጡ የትራም ነጂ፣ የዕድሩ ሊቀ መንበርና ለኦስሎ ሐበሻ ሁሉ መርዶ ነጋሪ ናቸው። እዚህ አገር ስልክ የሚደወለው ለባለ ሐዘኑ አይደለም፤ ለአቶ ሐብታሙ ነው። እሳቸው ነገሩን እስከ ቅዳሜ በሆዳቸው ይይዛሉ፤ ዓርብ ሰው ያሰባስባሉ፤ ቅዳሜ ማለዳ ጥቁር ካፖርታቸውን ይለብሳሉ፤ ባለ ሐዘኑ ደጃፍ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ቃል አይናገሩም። የሚከፍተው ሰው እሳቸውን ሲያይ ሁሉን ያውቀዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ አቶ ሐብታሙ በቅዳሜ ማለዳ ለሌላ ጉዳይ የማንንም ደወል ተጭነው አያውቁም።

ይህንንም ዋለልኝ ያውቃል። እሱ ራሱ ስንት ጊዜ ከኋላቸው ተሰልፎ ሄዷል። ጥንታዊውን ከዘመናዊው አዋሕዳለሁ የሚለው ሰው ጥንታዊው ጥቁር ካፖርት ለብሶ፣ ሰሌዳ በብብቱ ይዞ አጠገቡ ሲሄድ አላወቀውም።

ቆንጂት መንገድ ላይ አንድ ነገር ከነከናት። "ዋለልኝ፣ ይኼ ሁሉ ጥቁር የለበሰ ሰው... ደውልላት እንጂ።"

"ቆንጂት፣ አንቺ ኪነ ጥበብ አይገባሽም።"

"ይሁን። የቅዳሜ ማለዳ ግን ይገባኛል።"

ጋዜጣ አዳዩ ሲወጣ የሕንፃውን በር ይዘው ገቡ። ዋለልኝ ጎረቤት እንዳይነቃ ማንም ቃል እንዳይተነፍስ አዘዘ። አቶ ሐብታሙን ከፊት፣ ሌሎቹን ከኋላ አሰለፈ፤ እሱ ካሜራውን ይዞ በግድግዳው በኩል ተጠጋ። ካሜራው መሥራት ጀምሯል። አቶ ሐብታሙ ደወሉን ተጫኑ፤ ከዚያም ከልማድ የተነሣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ጸዳለ በቤት ልብስ፣ ፀጉሯን እንደ ጠቀለለች ከፈተች።

አየቻቸው። ከፊታቸው ወደ ባርኔጣቸው፣ ከባርኔጣቸው ወደ ኋላ ወደ ቆሙት አየች።

"እናቴን!" አለች። "እናቴን ነው! መቼ? መቼ ነው? ንገሩኝ እንጂ፣ መቼ ነው?"

ከዚያ በሁለት እጇ ደረቷን ደጋግማ መትታ የበሩ ደፍ ላይ ወደቀች። ቆንጂት ዘላ ያዘቻት። "ደህና ናቸው! ጸድዬ፣ እናትሽ ደህና ናቸው!" ይህ ደግሞ የባሰ ሆነ፤ መርዶ የሚያረዳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነውና። "ፊልም ነው! ፊልም!" አለ ተረፈ። ጸዳለ "የኔ እናት፣ ሳላይሽ! ሳልቀብርሽ!" እያለች ጉንጯን ልትነጭ ስትል አቶ ሐብታሙ ሰሌዳውን ጥለው እጇን ያዙ። የጎረቤት በር ተከፈተ፤ ፓኪስታናዊቷ ጎረቤቷ መሐረብ ደርባ ወጣችና ምን እንደ ሆነ ሳትጠይቅ አብራ ማልቀስ ጀመረች።

በመጨረሻ ደብረ ታቦር ተደወለ። እማማ አባይነሽ ራሳቸው አነሡት።

"እማዬ! አለሽ?"

"የት ልሂድ? ምን ሆነሻል አንቺ?"

"ሞተች ብለው መጡ!"

"ማነው የገደለኝ?" አሉ እማማ አባይነሽ። "ገና አልሄድኩም በያቸው። ጎመኔን አልለቀምኩም።"

ጸዳለ ስልኩን በደረቷ አቅፋ ቀና ስትል በግድግዳው በኩል አንድ ቀይ መብራት አየች። የዋለልኝ ካሜራ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን አራት ደቂቃ ሠርቷል። ዋለልኝ በኋላ "ደንግጬ ማጥፋቱን ረሳሁት" አለ። እውነቱ ግን መካከል ላይ፣ ጸዳለ ስትወድቅ፣ ምስሉ እንዳይደበዝዝ አስተካክሎት ነበር። ለዚህ ድንጋጤው አልከለከለውም።

ጸዳለ ሳምንት አኮረፈችው። ከዚያ ይቅር አለችው፤ ይቅር ማለት የምታውቅ ሰው ናት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

"ጋሽ ዋለልኝ፣ ያን ቀን የቀረጽከውን አጥፋው። በሕይወት ላለች እናት የተለቀሰ ለቅሶ ነው፤ ደስ አይልም።"

"አጥፍቼዋለሁ፣" አለ ዋለልኝ።

አላጠፋውም።

የበሩን ቀረጻ በወሩ እንደገና ሠሩት፤ ዐሥራ ሁለት ጊዜ። ጸዳለ በሩን ከፍታ ትወጣለች፤ ዋለልኝ ፊቱን ያጨማድዳል፤ እሷ "ቆይ ልድገመው" ብላ ትገባለች፤ በሩ ይዘጋል፤ ይከፈታል። እስከ ማታ ጨዋታ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ስትመጣም ሰዉ "ጸዳለ፣ ዛሬስ ማን ሞተ?" ይላታል፤ እሷም "ዋለልኝ ነው፣ ቀብሩ ነገ ነው" ትላለች። አቶ ሐብታሙ ብቻ አልሳቁም። "በዚህ ነገር አይቀለድም፣" ይላሉ ካፖርታቸውን እየቆለፉ።

ሐምሌ ላይ ዋለልኝ ለኖኤል የቀረጸውን ሁሉ አሳየው። ጸዳለ ተረት ስታወራ ኖኤል ስልኩን ያይ ነበር። ባቡሩ ሲያልፍ አዛጋ። ከመሐል ግን ያ የማለዳው በር መጣ። ዋለልኝ "እ... ይኼ በስሕተት የገባ ነው" አለ፤ ነገር ግን ለማቆም እጁን አልዘረጋም።

ኖኤል አራቱንም ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ አየ። ዓይኑ ረጥቦ ነበር።

"ዋለልኝ፣" አለ። "ፊልምህ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ... ተወው። በዚህ ጀምር፣ በዚህ ጨርስ። ይሄን ካገኘሁ እኔ ራሴ ለትልቁ ፌስቲቫል አስገባዋለሁ። መዝጊያው የመስከረም መጨረሻ ነው።"

"እሷ አትፈቅድም።"

"ፈርሚ በላት። ስትወድቅ እኮ ፊቷ... ፍጹም ነው! ማን እንዲህ ይጫወታል?"

አልተጫወተችም ሊለው ፈለገ። ነገር ግን ኖኤልን ተመለከተው፤ ኖኤል አልሳቀም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የዋለልኝን ሥራ አይቶ አለቀሰ። ሃያ ዓመት የሰው ቢሮ እየጠረገ፣ የሰው ስላቅ እየተሸከመ፣ የለመነው ነገር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦለታል። "እስቲ አነጋግራታለሁ፣" አለ። አላነጋገራትም። በየቀኑ ነገ ይላል። ነሐሴም መጣ።

በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ አቶ ሐብታሙ ስልክ ተደወለላቸው። ከደብረ ታቦር ነው። እማማ አባይነሽ ጎመን እየለቀሙ ጓሮ ውስጥ አረፉ።

አቶ ሐብታሙ እንደ ወትሮው እስከ ቅዳሜ በሆዳቸው ያዙት። ዓርብ ዕለት ሰው ሲያሰባስቡ ቆንጂትን አገኟት።

"ባልሽ ይቅር፣" አሉ። "እሱ ካለ ሌላ ነገር ይመስላታል።"

"ይመጣል፣" አለች ቆንጂት። "ያበላሸውን ቆሞ ይየው።"

ቅዳሜ ማለዳ ዐሥራ ሁለት ሰዓት እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሙ። አቶ ሐብታሙ ከፊት፤ ተረፈና ወንድማማቾቹ ከኋላ፤ ሌሎችም ሴቶች ነበሩ። ዋለልኝ ባዶ እጁን ከሁሉ ኋላ ቆሟል። ባርኔጣው ወለቀ። ደወሉ ጮኸ።

ጸዳለ ከፈተች። አየቻቸው። ከፊት ወደ ኋላ አየችና፣ ከሁሉ ኋላ ዋለልኝን ስታገኘው ከት ብላ ሳቀች።

"ደግሞ መጣችሁ! አሁንስ አታሞኙኝም! ጋሽ ሐብታሙ ደግሞ፣ ዛሬማ በጣም አሳምረውታል!" ጣቷን ወደ ዋለልኝ ቀሰረች። "አንተ ክፉ! መጀመሪያ አትነግረኝም? ቆይ፣ ፀጉሬን ልፍታው። ልድገመው!"

በሩንም ዘጋችው።

ቆሙ። ከውስጥ ስትሮጥ፣ መሳቢያ ስትከፍት፣ ስታንጎራጉር ይሰማል። ከሴቶቹ አንዷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች። አቶ ሐብታሙ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳትወጣቸው ደጃፍ ላይ በመቆም ብቻ የሠሩት ሥራ፣ ዛሬ እምቢ አላቸው። ዞረው ዋለልኝን አዩት። ሌሎቹም ዞረው አዩት። መንገድ ለቀቁለት።

በሩ ተከፈተ። ጸዳለ ፀጉሯን ለቃ፣ ነጭ ነጠላ ደርባ፣ ያን ዐሥራ ሁለት ጊዜ የተለማመደችውን ፊት ይዛ፣ ቀና ብላ ወጣች።

ዋለልኝ ፊት ለፊቷ ቆሟል።

"ጸድዬ፣" አለ፤ "ዛሬ ካሜራ የለም።"

ጸዳለ እጆቹን አየች። ባዶ ናቸው። ወደ ግድግዳው ዞራ ቀይ መብራት ፈለገች፤ የለም። ፈገግታው ፊቷ ላይ ቀርቶ ነበር፤ የሚያወርደው ሰው እንደ ጠፋለት ዕቃ እዚያው ቀረ። አልጮኸችም። ደረቷን አልመታችም። "እሺ፣" ብቻ አለችና ተመልሳ ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሴቶቹም ተከትለዋት ገቡ። ለቅሶውን እነሱ ጀመሩት።

ሦስቱን ቀን ቤቱ በሰው ሞላ። ጸዳለ ግን አላለቀሰችም። ሰው ሲያለቅስ ታያለች፤ ውሃ ሲሰጧት ትጠጣለች። ዋለልኝ ወንበር ያመላልሳል፣ ሰሐን ያጥባል፣ ቆሻሻ ያወርዳል፤ ማንም አላመሰገነውም፤ ልክም አደረጉ። በሣልስቱ ከቀትር በኋላ ጸዳለ ወጥ ቤት መጣች። ቆንጂት ብርጭቆ እያጠበች ነበር።

"ጋሽ ዋለልኝ፣ ያን የግንቦቱን አጠፋሁት ብለኸኝ ነበር። እውነትህን ነው?"

ዋለልኝ ሰሐኑን አስቀመጠ። ቆንጂትን አየ፤ ቆንጂት ወደ መስኮቱ ዞረች።

"አይደለም። ዋሽቼሻለሁ። አለ።"

በጥፊ የምትለው መስሎት ፊቱን አቀረበ። እሷ ግን "እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ ግድግዳውን ተደገፈች።

ኮምፒውተሩን አመጣ። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ በሰሐኖቹ መካከል፣ ከፈተላት። ጸዳለ በሩ ሲከፈት፣ ያቺ ፀጉሯን የጠቀለለች ሴት ሰዎቹን ስታይ፣ "እናቴን!" ስትል አየች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ስትወድቅ አብራ ወደቀች ለማለት ይቻላል፤ ቆንጂት ባትይዛት ወለሉ ላይ ነበረች። ሦስት ቀን ሙሉ እምቢ ያለው እንባ መጣ። ከሳሎን ሴቶቹ ሰምተው "ተመስገን፣ ወጣላት" ተባባሉ።

ሲያልቅ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ "ለእናቴ በደጄ ያለቀስኩት ይኼ ብቻ ነው፣" አለች። "እውነተኛው መርዶ ሲመጣማ ሳቅሁ። ስጠኝ። ለማንም ግን አታሳየው፤ ለእኔ ብቻ ስጠኝ።"

ሰጣት። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ እቤቱ የቀረውን ቅጂ ቆንጂት አጠገቡ ቆማ ሳለ አጠፋው፤ ያለ ምስክር እንደማያጠፋው ራሱን ያውቀዋል።

ግሩነርሎካ ሄዶ ለኖኤል "የለም" አለው።

"እንዴት የለም? ቅጂ አትይዝም? ዋለልኝ፣ አብደሃል? ያ እኮ ፊልምህ ነበር!"

"እሷ ናት ባለቤቱ። ደግሞ፣ ልጄ፣" አለ ዋለልኝ ካፖርቱን እያነሣ፣ "እኔ ጋሽ ዋለልኝ ነኝ።"

"ጅቡና ባቡሩ" ያለዚያ ማለዳ ለፌስቲቫሉ ተላከ። መልሱ በጥቅምት መጣ፤ ፊልሙ ሞቅ ያለ ቢሆንም ኃይል ይጎድለዋል ይላል። ዋለልኝ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈው፤ "ሞቅ ያለ" የሚለውን አስምሮበታል። ያን ፊልም በአዳራሹ ያየው ሰው ሃያ አይሞላም። ሕፃናቱ ጅቡን ሲያዩ ሳቁ፤ ትልልቆቹ በጨዋነት ዝም አሉ። ጸዳለ ጥቁሯን ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አየች፤ አንድ ጊዜም አልሳቀችም። ዋለልኝ ከኋላ ቆሞ ሌላውን ሁሉ ትቶ የእሷን ጀርባ ብቻ ሲያይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወደ ክርስትናው ተመልሷል። እርግቦቹም ይበራሉ፤ አሁንም ባልሆነ ቦታ ያርፋሉ። ስለ ማዋሐድ ማውራቱንም አልተወም፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሐዘን አይድንም። አንድ ልማድ ብቻ ጨምሯል። በማለዳ ለቀረጻ ወደ ሰው ቤት ሲሄድ ጣቢያው ላይ ይቆምና ስልኩን ያወጣል፤ ባቡር የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማው፣ ከፍ ባለ ድምፅ፣ "አሎ! ዋለልኝ ነኝ፤ ማንም አልሞተም፣ ለቀረጻ ነው!" ይላል።

ሐበሻው ይስቅበታል። በሩን ግን በደስታ ይከፍትለታል።